ጊዮርጊስ ዘንድ ያሉት ሜዳሊያዎች

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ላሊሴኮ፣ የልጄ ልጅ፣

አካም ጂርታ? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይለግማል እንጂ ሆዴ ጤና ነው፤ ዓይኔም ፊደል ይለያል። ጆሮዬን ጠይቀሽኛል። ውስጡ የገባችው ንብ እንደ ድሮዋ ናት፤ ቤቷን ሠርታ ቀን ከሌት ታንጎራጉርበታለች። ባለቤቱን ማን ጠይቆት!

«ለምን አሁን?» ላልሽው፣ ሽማግሌ ለምን አሁን አይባልም ልጄ፤ ሌላ ጊዜ መቼ አለው? ያለፈው ደብዳቤዬ ግራ አጋብቶሽ እንደሆነ ነገሩን ልድገመው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ወርጄ ከመዝገብ ቤቱ የአገልግሎት ማስረጃዬን አወጣሁ። ስሜ አለ። መድፈኛ መሆኔ አለ። ሃምሳ አለቃነቴ፣ ከሶማሌ ጦርነት መመለሴ፣ ሁሉም ደህና ተጽፏል። «ሜዳሊያ» ከሚለው አጠገብ ግን «የለም» ይላል። የለም! ሁለት ሜዳሊያ እዚህ ደረቴ ላይ ተሰክቶ አገር አይቶታል፤ አንዱ የጀብዱ፣ አንዱ የቁስለኛ። ይታረምልኝ ብዬ ብጠይቅ እዚያ ያለችው ሴትዮ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ ደግሞ የምትለውን አልሰማም። እሷም ታከታት፣ እኔም አፈርኩ። አንቺ ሂጂልኝ። ጆሮ አለሽ፣ ተምረሻል፣ ሲያስፈልግም መቆጣት ታውቂያለሽ።

አማርኛሽ እየተሻሻለ ነው። በቁቤ ተምረሽ ለእኔ ስትዪ በፊደል መጻፍሽን አልረሳውም። እኔ ቁቤ ልማር ብል ዕድሜዬ አያደርሰኝም፤ ስልክ ላንሳ ብል ንቢቱ አትፈቅድም። ስለዚህ ወረቀታችን ይኑርልን። ይህንን የሚያደርስልሽ ያው ሾፌሩ አብዶ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ብሎ ድርቆሽ ወደ ሰበታ ማመላለስ ጀምሯል። ደብዳቤው ድርቆሽ ድርቆሽ ቢሸትሽ አትገረሚ፤ ከጭነቱ ሥር ይደብቀዋል።

ኢብሳ ለአጨዳ አልመጣም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከቡራዩ ሮጦ የሚመጣው ልጅ ዘንድሮ ቀረ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ወንድምሽን ስታገኚው፣ አያትህ ማጭድህን ስሎ አስቀምጦልሃል በዪው።

አያትሽ ገርባ ሁንዴ
(መዝገቡ እንደሚለው፣ ሜዳሊያ የሌለው)

*

ሰበታ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አያቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ቅባቱን እየቀቡት ነው ወይስ ለላሟ ሰጧት? ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ትምህርት ቤታችን በረብሻው ተዘግቶ ከረመና አሁን ሲከፈት ያለፈውን ለማካካስ ቅዳሜም እናስተምራለን። ልጆቹ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። እኔም እደነግጣለሁ፤ እነሱ እንዳያዩብኝ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

እውነቱን ልንገርዎትና፣ መዝገብ ቤቱ መሄድ አልፈለግሁም ነበር። ዘንድሮ የወታደር ልብስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገራለሁ። ጓደኞቼ «አያትሽ ምን ነበሩ?» ሲሉኝ ገበሬ ነው የምላቸው። ገበሬም ነዎት፤ አልዋሸሁም። ግን እርስዎ ለምነውኝ እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ሄድኩ። ያቺ አፏን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ ስንዱ ትባላለች። ክፉ አይደለችም። እርስዎንም አልረሳችዎትም፤ «እኚያ ከንፈሬን ትክ ብለው የሚያዩት ሽማግሌ» አለችኝ።

ያለችው እንዲህ ነው። ጦሩ ሲበተን ብዙ ማኅደር ጎድሎ ቀርቷል። «የለም» የሚለው እንዲታረም ሜዳሊያዎቹ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተመቷል፤ እሱ ከተሸላሚዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ፎቶ አይሆንም፣ ምስክር አይሆንም። እና ሜዳሊያዎቹን በአብዶ ይላኩልኝ። የት ነው ያስቀመጧቸው? ልጅ ሆኜ ሳጥንዎን ያልበረበርኩበት ጊዜ የለም፤ አንድም ቀን አላየኋቸውም።

ኢብሳ ደህና ነው። ዱከም ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ድንገት ስለሆነበት ሊሰናበትዎ አልቻለም። እዚያ ስልክም እንደልብ አይሠራም፣ ፈረቃውም ብዙ ነው፣ ምግቡ ግን ጥሩ ነው አሉ። ሰላም በዪልኝ ብሏል። አጨዳውን ራስዎ እንዳይነኩት፤ ሰው ይቅጠሩ።

ልጅዎ ላሊሴ

*

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ላሊሴኮ፣

የዱከሙን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ፈረቃው፣ ስልኩ፣ ምግቡ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአንቺስ ሲጀመርም ክብደት አልነበረውም። አልተቆጣሁም። መዋሸት አለመቻልሽ ደስ ብሎኛል፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኛ።

ፍራሹ መጣ ልጄ። ልጁ አልመጣም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንደታወጀ የቡራዩዋ አከራይ ወይዘሮ ውባንቺ የኢብሳን ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና መጻሕፍት በገመድ አስራ በአብዶ መኪና ላከችልኝ። እኔ የማውቅ መስሏት፣ ከላይ በወረቀት «እግዜር ያስፈታልዎ» ብላ ጽፋበታለች። አብዶን ያዝኩትና አናገርኩት። ከጓደኞቹ ጋር ተይዞ ካምፕ መግባቱን መሬት ላይ በእንጨት ጻፈልኝ። ጥርሱን መትተውታል የሚል ወሬም አለ፤ እውነት ከሆነ ንገሪኝ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው «ለአጨዳ ቀረ» ብዬ የጻፍኩልሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንቺ ለእኔ ስትጨነቂ፣ እኔ ለአንቺ ስጨነቅ፣ ሁለታችንም ቅጥፈት ጀመርን። ከእንግዲህ ይብቃን።

ሜዳሊያውን አሁን የፈለግሁትም ለዚሁ ነው። ካምፑ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ጠባቂው ያለኝን አልሰማሁም፤ «ሂድ» የሚል እጅ ግን ደንቆሮም ያየዋል። ከፊቴ የነበረው ጡረተኛ ወታደር ወረቀቱን አሳይቶ ሲገባ አየሁ። እኔስ ወታደር አይደለሁም እንዴ ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ «የለም» የሚል ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። በዚህ ወረቀት አዛዥ ፊት አልቆምም። በትክክለኛው ወረቀት ቆሜ፣ «ይህ ልጅ የኔ ነው። ድንጋይ አልወረወረም። ወርውሮም ከሆነ ለእኔ ስጠኝና እኔ ልቅጣው» ማለት እፈልጋለሁ። ወታደር ወታደርን ይሰማል።

የሜዳሊያዎቹ ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ያላገኘሻቸው ጊዮርጊስ ዘንድ ስላሉ ነው። ጦርነት ላይ ሳለሁ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ልጄን በሕይወት ብትመልስልኝ፣ ይዞት የሚመጣውን የከበረ ነገር ላንተ» ብላ ለእኛው ጊዮርጊስ ተሳለች። እሷ ያሰበችው ብርድ ልብስ ወይም ጫማ ነበር። እኔ ሁለት ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ሰክቼ መጣሁ። በር ላይ ሳመችኝ፣ አገላብጣ አየችኝ፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሜዳሊያዎቹን ከደረቴ ነቅላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ገና አልተቀመጥኩም። ከዚያ ወዲህ በየንግሡ ከሥዕሉ መጋረጃ ላይ ተሰክተው ከሩቅ አያቸዋለሁ። ደህና ናቸው፤ እየወለወሏቸው ነው።

የስለት ዕቃ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ አይመለስም።

አያትሽ ገርባ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 1 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። «ፍራሹ መጣ» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ የእናትዎ ብርድ ልብስ ላይ ስደርስ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው መምህርት ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ የትኛውን እንደምታስታግስ ግን ግራ ገባት።

ይቅር ይበሉኝ። እናታችን የሞተች ጊዜ ለእኛ ሲሉ ሳያለቅሱ መክረምዎን አስታውሳለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልችልልዎ ብዬ ነበር። አዎ፣ ካምፑ ሄጃለሁ። ልብስና በሶ አድርሻለሁ፤ ዕቃውን በር ላይ ተቀበሉኝ፣ እሱን አላሳዩኝም። መቼ እንደሚወጣም የሚናገር የለም። ስለ ጥርሱ የጠየቁኝን በሚቀጥለው እመልስልዎታለሁ፤ እስካሁን የሰማሁት ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ አልጽፍልዎትም።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። እርስዎ ያገለገሉት የተበተነውን ጦር ነው። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያሉት ያንን ጦር የጣሉት ናቸው። ይህን ያህል ለፍተን ወረቀቱን ይዘው ሲቀርቡ «አንተ የደርግ ወታደር» ብለው በሰው ፊት ቢያዋርዱዎትስ? ኢብሳ ይህን ቢሰማ ከእስሩ ይበልጥበታል። እኔም አልችለውም።

ግን ሌላ መንገድ አላየሁም። ስንዱን ደግሜ ለመንኳት፤ ሜዳሊያው ካልቀረበ አይሆንም ብላለች። እባክዎ ቄሰ ገበዝ ገብረየስን ያነጋግሯቸው። ዕቃ ቤቱ በእሳቸው እጅ አይደለም? ለአንድ ቀን ብቻ ይስጡንና እንመልሳለን። ደግሞም ካምፑ ብቻዎን እንዳይሄዱ።

ላሊሴ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ላሊሴኮ፣ ኢንተሎኮ፣ ልጄ፣

ደርግ ላልሽው፣ እኔ መድፌን ያዞርኩት ድንበር ጥሶ ወደ ገባ ጠላት ነው። መድፍ የመንግሥት ስም አይጠይቅም። ሊያዋርደኝ የፈለገ ያዋርደኝ፤ አልሰማውም። መደንቆር አንዳንዴ ይጠቅማል።

ቄሰ ገበዝን አነጋገርኩት። እሱ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሸምግሏል፤ ኦሮምኛው ከእኔ አማርኛ ይሻላል፤ ድምፁም ለቅዳሴ የተሠራ ስለሆነ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ ትንሽ ትንሽ ይገባኛል።

«የስለት ዕቃ ከግቢ አይወጣም። ሰጥተህ ትወስዳለህ?» አለኝ።

«የሰጠችው እናቴ ናት፣ እኔ አይደለሁም» አልኩት።

«እንግዲያው እሷን አስፈቅድ።»

«ምን ቸገረኝ፣ በቅርቡ አገኛታለሁ።»

ሳቀ፤ ቁልፉን ግን አልነካም። ከወጣሁ በኋላ ተከትሎኝ መጥቶ «ገርባ፣ በኢብሳ ልቤ ደምቷል፤ ግን ሕጉን አላፈርስም» ብሎ በእጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

የኅዳር ጊዮርጊስ ዕለት ሕዝቡ እንደተሰበሰበ ነገሩን ለሰበካ ጉባኤው አቀረብኩ። ጫጫታ ሆነ አሉ፤ እኔ ያየሁት እጅ ሲወራጭ ነው። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይጎትተዋል። በኋላ እማማ ተስፋነሽ፣ የእናቴ ባልንጀራ፣ ምርኩዟን ይዛ ስትነሣ የሚወራጨው እጅ ሁሉ ወረደ። ያለችውን ቄሰ ገበዝ ጆሮዬ ላይ ደገመልኝ፦ «ያኔ ስለት የተገባው ልጅ እንዲመለስ ነው። ዛሬም የተፈለገው ልጅ እንዲመለስ ነው። ጊዮርጊስ ይህ ይከፋዋል ያለ ይነሣና ይንገረኝ።» የተነሣ የለም።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ሜዳሊያዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ እጅ አይወጡም። ቄሰ ገበዝ ራሱ ይዟቸው አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ራሱ ያሳያል፣ ራሱ ይመልሳል። ሌላ ሰው እንዳይነካቸው፣ በተለይ ገርባ። የገዛ ሜዳሊያዬን እንዳልነካ ተስማምቼ ፈረምኩ። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ እጄ ቢገባ እኔስ ራሴን ማመኔን እንጃ።

ስለዚህ አዲሱ ገበያ ተቀበዪው። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ሽሮ አዘጋጂለት፤ ቃሪያ ይወዳል። ታክሲ ውስጥ ብዙ ያወራል፣ ታገሺው።

አያትሽ ገርባ

*

ሰበታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣

ወረቀቱ ተስተካክሏል! ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ውስጥ ይገኛል። ከመክፈትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ፤ ማኅተሙን በድርቆሽ እጅዎ እንዳያበላሹት። ኦርጅናሉ ነው። ኮፒውን እኔ አስቀርቻለሁ።

ቄሰ ገበዝ ምን እንዳደረጉ ደህና አድርገሽ ጻፊልኝ ብለዋል፤ ይኸው። ከሚኒባስ ሲወርዱ ግራ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር። ሜዳሊያዎቹን በነጭ ጨርቅ፣ ነጩን በቀይ ግምጃ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ ያንን እጅ አላወጡትም። የታክሲው ረዳት «አባ፣ እጅዎን አመመዎት?» ሲላቸው «ጊዮርጊስን ይዤ ነው» አሉት። ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

ስንዱ «ይስጡኝ አባ፣ ቁጥሩን ልይ» አለች። «ታይዋለሽ እንጂ አልሰጥሽም» አሏት። ግምጃውን ፈተው በጨርቁ እንደያዙት ዘረጉላት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ስትል፣ እሳቸው ደግሞ መስቀል በለመደ እጃቸው ወደ ግንባሯ አስጠጉት። ስንዱም ሳታስበው ተሳለመችው። ግንባሯን፣ ከዚያ ከንፈሯን። ከኋላ ተሰልፈው የነበሩት ጡረተኞች ይህን አይተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራ ያዙ። አባባ፣ አገር ምድሩ የእርስዎን ሜዳሊያ ተሳለመ! እኔ እየሳቅሁ ግድግዳ ተደገፍኩ። ቁጥሩን በመጨረሻ ቄሰ ገበዝ ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡላት፤ የወንጌል ምዕራፍ ይመስል።

ከዚያ መሳቅ ተውኩ። ቁጥሩ የተሸላሚዎች መዝገብ ላይ ተገኘና ከጎኑ የተጻፈውን ስንዱ አነበበችልን። የመድፉ ቡድን ሰዎች ሁሉ ሲቆስሉ ብቻዎን ቀርተው እስኪመሽ ሲተኩሱ መዋልዎን። ሲመሽ አዛዥዎን በጀርባዎ አዝለው መውረድዎን። በዚያ ቀን ሁለቱም ጆሮዎ ሲደማ እንደነበር።

አባባ፣ ንብ ነው ያሉን። ንብ ገብታ ቤት ሠራችበት ብለውናል! ኢብሳ ንቢቱ እንድትወጣልዎ ጣቱን ስኳር ነክሮ ጆሮዎ ሥር የሚቆመው እኮ አይረሳኝም። ክንዱ እስኪዝል ይቆም ነበር። እርስዎም «ልትወጣ ነው፣ ልትወጣ ነው» ይሉት ነበር።

እዚያው ስንዱ ፊት አለቀስኩ። የወታደር ልብስ አሁንም ያስፈራኛል፤ ይህ ወረቀት ያንን አልፋቀልኝም። ግን ከእንግዲህ አያትሽ ምን ነበሩ ሲሉኝ፣ መድፈኛ ነበሩ እላለሁ። በጣም እወድዎታለሁ። ይህን ፊት ለፊት ጮኼ ስለማልነግርዎ እዚህ ጻፍኩት።

ሜዳሊያዎቹ በሰላም መግባታቸውን ያሳውቁኝ። ቄሰ ገበዝ ሽሮውን ወደውታል።

ላሊሴ

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ላሊሴኮ፣

እጄን ታጥቤ ነው የከፈትኩት። «ሜዳሊያ፦ ሁለት» ይላል። ብዙ ጊዜ አየሁት። ሜዳሊያዎቹም ገብተው መጋረጃቸው ላይ ተመልሰዋል፤ ቄሰ ገበዝ ስለ አዲስ አበባ ጉዞው ለሱሉልታ ሕዝብ መተረኩን አላቆመም።

የንቢቱን ነገር አትቀየሚኝ። ለሕፃን ልጅ ጦርነት አይነገርም። ንብ ትሻላለች፤ ንብ ቢያንስ ማር ትሠራለች። የኢብሳን ጣትና ያንን ስኳር ጠቅሰሽ ግን አስለቅሰሽኛል። ደግሞ እኔም እወድሻለሁ። ቃሉ በአማርኛ ሲጻፍ እንዴት እንደሚያሳፍር!

ብቻዬን አልሄድኩም፤ አብዶ ወሰደኝ። ካምፑ በር ላይ የነበረው ልጅ ወረቀቱን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበ፣ ከዚያ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም መለስኩለት፤ ክርኔ ግን እንደ ድሮው አልወጣ አለኝ። ልጁ የኢብሳ እኩያ ነው። እናቱ ለማን ተስላለት ይሆን አልኩ በሆዴ።

አዛዡ ወንበር ሰጠኝ። አለመስማቴን ሲያውቅ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ። «የት ግንባር ነበሩ?» ነገርኩት። «አባቴም እዚያ ነበሩ፤ አልተመለሱም» ብሎ ጻፈ። የፈራሽውን ቃል አልጻፈም። ልጄን ስጠኝ አልኩት። «በእኔ እጅ አይደለም፣ አባት» ብሎ ጻፈ። መቼ ይወጣል አልኩት፤ እስክሪብቶውን ከደነና ዓይኑን ወደ መስኮት አደረገ። ይህን ያህል ለፍተሽ ይህን በመጻፌ ይቅርታ ላሊሴኮ። ወረቀቱ በሩን ከፈተልኝ እንጂ ልጁን አልሰጠኝም።

ግን አሳየኝ። ግቢው ውስጥ ከሩቅ አቆሙልኝ። ኢብሳ ሁለት እጁን በአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ ጮኸ፤ ጠባቂዎቹ ሁሉ ዞሩ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ስለሆነ ግን ከከንፈሩ አነበብኩት፦ «ድርቆሹ ታጨደ?» ተከምሮ አልቋል አልኩት። ግማሹ ገና ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ይህችን አንድ ውሸት ፍቀጂልኝ።

ከስቷል። ስለ ጥርሱ ስንገናኝ እናወራለን።

ስመለስ ቤት ሳልገባ ጊዮርጊስ ጎራ አልኩ። በመካከላችን ትንሽ ጉዳይ ነበረን። ምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

አያትሽ

*

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣

ኢብሳን በዓይንዎ ስላዩት ለእኔም ያየሁት ያህል ነው። ወረቀቱ አልጠቀመም እንዳይሉ። ያንን «ድርቆሹ ታጨደ?» ካነበብኩ ወዲህ ሌሊት እተኛለሁ።

ወረቀቱን ግን አደራዎን። እርስዎ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጡም አለ። በአብዶ ይላኩልኝና ላሚኔት አስደርጌ እመልስልዎታለሁ። ደግሞ ሄደን እንለምናለን፤ ሌላ ቢሮም ካለ እንሞክራለን። አሁን ያለን እሱ ነው። እንደገና ላውጣው ብል ቄሰ ገበዝን ሁለተኛ አዲስ አበባ ማምጣት ሊሆን ነው፤ ያንን ስንዱም እኔም አንችለውም።

ከጊዮርጊስ ጋር ምን ጉዳይ ነበረዎት? አትጠይቂኝ ሲሉ ይበልጥ ያስፈራኛል። ጾሙን እያጠበቁ ራስዎን እየጎዱ እንዳይሆን።

ላሊሴ

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ላሊሴኮ፣

ኢብሳ ቤት ነው።

ይህንን ቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢ ነው። ብዙ ሆነው ነው የተለቀቁት። ወረቀቱ ረድቶ ይሁን፣ ቀኑ ደርሶ ይሁን፣ አላውቅም፤ አዛዡም አልጻፈልኝም። ከዋናው መንገድ ወርዶ በሜዳው ሲመጣ አየሁት። ያልታጨደው ሣር ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ወደ እኔ ሮጠ። ስለ ድርቆሹ መዋሸቴን በዚያው አወቀ። አሁን ፍራሹ ላይ ተኝቷል። ስንት ቀን ቀድሞት መጥቶ ሲጠብቀው የነበረ ፍራሽ! ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የለውም፤ ሲስቅ ያምርበታል እያልኩት ነው። ሌላውን ሲፈልግ ራሱ ይነግርሻል፤ አንቺም አታስጨንቂው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ላሚኔት ላስደርገው ላክልኝ ብለሻል። አልችልም።

ያን ቀን ከካምፑ ስመለስ እጄ ባዶ ነበር። ጊዮርጊስ ፊት ቆሜ የእናቴን ቃል ደገምኩት፦ «ልጁን በሕይወት ብትመልስልኝ፣ ያለኝን የከበረ ነገር ላንተ።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን አለኝ ብዬ አሰብኩ። ላሚቱ ታማለች። ጋቢዬ ተቀዷል። የከበረ ነገር ቢኖረኝ አንቺ የለፋሽበት ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ኢብሳን ይዤ ሄድኩና ለቄሰ ገበዝ ሰጠሁት። አልቀበልም አለ! «ገርባ፣ አበድክ እንዴ? ልጅቷ ስንት ለፍታበታለች። እኔ ስንት ለፍቼበታለሁ! ላሊሴ ዘንድ ኮፒው አለ አይደል? ኮፒውን አምጣና ኦርጅናሉን ያዝ፤ ጊዮርጊስ አይቆጣም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ኢብሳን ክንዱን ይዤ ወደ ፊት አቆምኩትና፣ «ጊዮርጊስ የመለሰልኝ ኦርጅናሉን ነው። እኔ ኮፒ ልስጠው?» አልኩት።

ቄሰ ገበዝ ኢብሳን አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝና ከሜዳሊያዎቹ ጋር በቀዩ ግምጃ ጠቀለለው። ጣሪያው አያፈስም፤ አይጥም የለበትም።

እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ግን ለገና ነይና እዚሁ ተቆጪ፤ ኢብሳ የቀረውን ሣር እንጨርሰው ብሏል፣ ለአንቺም ማጭድ ስሏል። አሁን ነቅቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ንቢቱ ወጣችልህ ወይ እያለ ጣቱን ጆሮዬ ሥር ይዞ ይስቅብኛል። ልትወጣ ነው አልኩት።

አያትሽ ሃምሳ አለቃ ገርባ ሁንዴ፣
የሁለት ሜዳሊያ ባለቤት
(ማስረጃው ጊዮርጊስ ዘንድ ይገኛል)